ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ፦ የክረምት እረፍታችሁን ምን ትሠሩበታላችሁ?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በተለይ ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላላችሁ ተማሪዎች የተሰናዳ ነው። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ብታዳምጡን ደስ ይለናል፤ የምናነሣው ጉዳይ ቤተሰቡን ሁሉ የሚነካ ነውና።

ፈተናው አልቋል፤ ካርድ ተሰጥቷል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜ ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ነው። ሲደመር 65 ቀን ያህል በእጃችሁ አለ ማለት ነው። ከእነዚህ ቀኖች በእያንዳንዱ አንዲት ሰዓት ብቻ ለአንድ ነገር ብትሰጡ 65 ሰዓት ይሆናል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብለን ብናሰላው ወደ 97 ክፍለ ጊዜ ይጠጋል። በሳምንት አራት ጊዜ ለሚሰጥ ትምህርት ይህ የ24 ሳምንት ጊዜ ነው። አንዲት ሰዓት በቀን ይህን ያህል ታደርሳለች።

በትምህርት ወራት ጊዜያችሁን የሚያዘው ደወል ነው። ሲደወል ትገባላችሁ፣ ሲደወል ትወጣላችሁ። ክረምት ሲመጣ ደወሉ ዝም ይላል፤ ጊዜያችሁን የምታዙት ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥልጣን በሙሉ የምታገኙት በዚህ ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንመክራችሁ ነገር አንድ ነው፦ ከምንዘረዝራቸው ሥራዎች የምትወዱትን አንዱን ምረጡ፤ ሐምሌ ላይ ጀምሩት፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ጨርሱት። አሥር ነገር ጀምሮ ከመተው አንዱን ጀምሮ መጨረስ ይሻላል። የጨረሳችሁት ነገር በዓይን የሚታይ፣ ለሌላ ሰው ልታሳዩት የምትችሉት ይሁን።

አስቀድመን ግን እረፍት እረፍት መሆኑን አንርሳ። ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉን ቢጠግብ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የጤና ባለሙያዎች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛትን ይመክራሉ። ችግሩ ሌሊቱን በስልክ አንግቶ ቀኑን መተኛት ሲለመድ ነው፤ ያኔ እንቅልፉም አያረካም፣ ቀኑም ይባክናል።

በገጠር ለምትኖሩ ወጣቶች ደግሞ ክረምት ዋነኛው የሥራ ወቅት መሆኑን እናውቃለን። እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ ከብቱ፣ ሁሉም የእናንተን እጅ ይፈልጋል። ቤተሰብን መርዳት ራሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቀጥሎ የምናነሣው የመጀመሪያው ሥራ ከእርሻችሁ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ለከተማ ልጆችም የሚሆን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝናብን መለካት። ዝናቡ በየቀኑ ይጥላል፤ ሁላችንም "ዘንድሮ በዛ"፣ "ዘንድሮ አነሰ" እንላለን። ስንት እንደ ዘነበ ግን በእርግጥ የምታውቁት ስትለኩት ነው። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ይበቃል። ጣሳውን ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ገላጣ ቦታ አስቀምጡት፤ ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉት። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የውሃውን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ለክታችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ ጣሳውን ደፍታችሁ መልሱት።

አሁን ሒሳቡ ይጀምራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። የቤታችሁ ክዳን 4 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ሌሊት 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በክዳኑ ላይ 200 ሊትር ውሃ ወርዷል፤ ይህ አንድ ትልቅ በርሜል ይሞላል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ፣ ከክዳኑ ጠርዝ አሸንዳ ተገጥሞ በርሜል ቢቀመጥ ለልብስ ማጠቢያና ለጓሮ አትክልት የሚሆን ውሃ እንደሚገኝ ራሳችሁ አስልታችሁ ለቤተሰባችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ።

የየቀኑን መጠን በግራፍ ስትሥሉት የክረምቱ ታሪክ ፊታችሁ ይዘረጋል፤ ዝናቡ የበረታው መቼ ነው? ስንት ቀን በተከታታይ ሳይዘንብ ቆየ? እንጦጦ ግርጌ ያለ ጓደኛና አቃቂ ያለ ጓደኛ መዝገባቸውን ቢያስተያዩ፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ እንኳ ዝናብ እኩል እንደማይወርድ ይረዳሉ። ገበሬ አባት ያላችሁ ደግሞ ዘሩ የተዘራበትንና የታረመበትን ቀን ከዝናቡ መዝገብ ጎን ጻፉ። በሚቀጥለው ክረምት ያ ደብተር ለአባታችሁም ይጠቅማል።

የክረምቱ ዝናብ ለሁለተኛው ሥራም ይሆናል፤ እሱም መትከል ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከሰፈር ጋር ወጥታችሁ ችግኝ ተክላችኋል። ዘንድሮ ግን አንድ ችግኝ የግላችሁ ይሁን፤ በጓሮ፣ በአጥር ሥር ወይም በትምህርት ቤት ግቢ። ስትተክሉ ችግኙ የመጣበትን ፕላስቲክ ማውጣት አትርሱ። ፕላስቲኩ ከተተወ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል። ከተከላችሁ በኋላ ዙሪያውን አጥሩለት፤ ፍየልና የሰው እግር ብዙ ችግኝ ያጠፋሉ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ማጠጣቱ የእናንተ ድርሻ ይሆናል።

ጓሮ የሌላችሁ የከተማ ልጆች ደግሞ በአሮጌ ባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በጆንያ አፈር ሞልታችሁ ቆስጣና ሰላጣ ዝሩ። ከታች ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለበለዚያ የክረምቱ ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተዘራ ሰላጣና ቆስጣ ከእንክብካቤ ጋር ከዘመን መለወጫ በፊት ለማዕድ ይደርሳል። የራሳችሁን ቆስጣ ቆርጣችሁ ራሳችሁ ብትሠሩት ደግሞ ሁለት ሙያ በአንድ ክረምት ተማራችሁ ማለት ነው። ይህን የምለው ለወንዶቹም ጭምር ነው። ሽንኩርት ማቁላላት፣ ሽሮ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ ለማንም ሰው ያስፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ብቻችሁን ስትኖሩ ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል መጽሐፍ አለ። በቀን አሥር ገጽ የሚያነብ ልጅ በ65 ቀን 650 ገጽ ያነባል። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ወፍራምነቱ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በዚህ ስሌት ከአንድ ክረምት አያልፍም። ይህ መጽሐፍ ከሬዲዮ ጋርም ታሪክ አለው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አድማጭ ሁሉ በየሳምንቱ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቅ ነበር። እናንተም ማታ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ጥቂት ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ማንበብ ያልተማሩ አያት ወይም ዓይናቸው የደከመ አባት በቤት ካሉ ደግሞ ንባባችሁ ለእነሱ ትልቅ ስጦታ ነው። ለእናንተም አንደበት ይፈታል፣ ሥርዓተ ነጥብን በድምፅ ያስተምራል።

መጽሐፍ መግዛት ለሚከብዳችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ። አዲስ አበባ ላይ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ይገኛሉ። በየክፍለ ከተማውና በየክልል ከተሞቹም ማንበቢያ ቤቶች አሉ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን ጠይቁ። ወደ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ብትዘልቁ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውንና ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረችውን የድንቅነሽን ታሪክ ታገኛላችሁ። ያያችሁትን አንድ ገጽ ጽፋችሁ ለታናናሾቻችሁ ብታነቡላቸው ጉብኝቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉም ሥራ እኔ በተለይ አደራ የምላችሁ ግን የቤታችሁን ታሪክ መሰብሰብ ነው። በብዙ አካባቢ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከእናንተ መካከል አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት የሚቆጥር ስንቱ ነው? የሚያውቁት አረጋውያን ዛሬ ከእኛ ጋር አሉ፤ እነሱ ሲያልፉ ግን አብሮ የሚያልፍ ብዙ ነገር አለ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ድምፅ መቅጃ አለው። እማማን ወይም አባባን አስፈቅዳችሁ፣ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቁ። "ልጅ ሳሉ ክረምትን በምን ያሳልፉ ነበር? ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት በእግር ይኬድ ነበር? በሰፈሩ መጀመሪያ ሬዲዮ የገዛው ማን ነው?" ትልልቅ ጥያቄ ከመጠየቅ እንዲህ ያለው ትንሽ ጥያቄ ብዙ ያስወራል። አታቋርጧቸው፤ ስማቸውን፣ የተቀዳበትን ቀንና ቦታ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ከዚያ የሰማችሁትን በደብተር ገልብጡ፤ የዘር ሐረጉንም በትልቅ ወረቀት ላይ ሥሉት። ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ሲሰበሰብ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት፣ ስህተቱን እያረሙ የጎደለውን የሚሞሉላችሁ አክስትና አጎት አታጡም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በሌላ አገር ሆናችሁ የምትከታተሉን ልጆችም በእናንተ የበጋ እረፍት ይህንኑ በስልክ ማድረግ ትችላላችሁ። አማርኛው ቢያስቸግራችሁ እዚህ ያለ የአጎት ልጅ ጥያቄውን አብሯችሁ ያዘጋጅ፤ እናንተም በምትኩ እንግሊዝኛ እንዲለማመድ አግዙት።

(አጭር ሙዚቃ)

ነሐሴ ሲገባ የወጣቶች በዓላት ይመጣሉ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ጅራፍ ይገመዳል፤ ሆያ ሆዬ ይጨፈራል፤ ሙልሙል ይታደላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እያሉ ልጃገረዶች በሹሩባቸው አምረው፣ ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። መስከረም 1 ቀን አበባየሆሽ ይቀጥላል። እነዚህ በዓላት ከጭፈራም በላይ ናቸው። የሆያ ሆዬ ቡድን ስታቋቁሙ ማን ያወጣል፣ ማን ይቀበላል፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ እንዴት ይካፈላል የሚለውን ሁሉ የምትወስኑት ራሳችሁ ናችሁ። መሪ መምረጥን፣ ሒሳብ መያዝን፣ ተጣልቶ መታረቅን እዚያ ትማራላችሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቡድናችሁን ከሐምሌ ጀምሮ አዘጋጁ። የቀድሞውን ግጥም ከሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ተማሩ፤ ስለ ሰፈራችሁ አዲስ ስንኝ ግጠሙ። ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ድርሻውን ተስማሙና በወረቀት ላይ አስፍሩት። ከሚገኘው ገንዘብ ጥቂቱን ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ለከበደው የሰፈር ልጅ ለመመደብ ከወሰናችሁ ደግሞ መስከረም ላይ አንድ ጓደኛችሁ ከእናንተ ጋር ክፍል ይገባል። ጅራፍ ስታጮሁ ከሰው ራቅ ብላችሁ ይሁን፤ የዓይን ነገር አይቀለድበትም። ጳጉሜ ላይ ሥዕል የምትሥሉ ልጆችም ከወዲሁ ተለማመዱ፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕል በወላጅና በጎረቤት እጅ የሚገባ የመጀመሪያው የጥበብ ሥራችሁ ሊሆን ይችላል።

ዝናብ ሲበረታ ለጨዋታ የሚሆን ገበጣም አለን። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢው ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ የጨዋታው ሕግ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይም ከሥራቸው እንረዳለን። በእናንተ አካባቢ እንዴት ይጫወቱት እንደነበር ከአረጋውያን ጠይቁና ጉድጓዱን ቆፍራችሁ፣ ጠጠር ለቅማችሁ ሞክሩት። ጥሩ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የት እንደሚያልቅ በልቡ ይቆጥራል፤ ይህ ንጹሕ ሒሳብ ነው። ማታ ደግሞ "እንቆቅልህ"፣ "ምን አውቅልህ" እየተባባላችሁ ከታናናሾቻችሁ ጋር ተጫወቱ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ክረምቱን ሙሉ ደብተር ያልገለጠ ተማሪ መስከረም ላይ ብዙ ነገር ረስቶ ይጀምራል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የያዝነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚረሳና እያረፉ መድገም መርሳትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ ምዕራፍ አንብቡ፤ ደብተሩን ዝጉ፤ የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በቀይ ሙሉ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከልብ አውጥቶ መጻፍ ይበልጥ ያስይዛል።

ከዚህም የሚበልጠው ለሌላ ማስተማር ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አግኝቷል። ያን ያህል ባይሆን እንኳ፣ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም አንዲት የጎረቤት ልጅ ፊደል ለይታ መስከረም እንድትገባ ማድረግ ይቻላል። በየወረዳው በሚካሄደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ላይ ማስጠናትም አንዱ ዘርፍ ነው፤ ተመዝገቡ። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የክረምት ትምህርት ያላችሁም ያንኑ በርትታችሁ ጨርሱ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የምታገኙ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውና በነጻ የሚሰጠው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግን ለመጀመር ጥሩ በር ነው።

ገንዘብ ማግኘት የምትፈልጉም አላችሁ፤ የሚያስከብር ፍላጎት ነው። የበቆሎ እሸት ጠብሶ መሸጥ የክረምት ሥራ ነው። ከዚህ ትልቁን ትምህርት የሚያገኘው ግን ሒሳብ የሚይዘው ልጅ ነው፤ በቆሎው ስንት ተገዛ፣ ከሰሉ ስንት ወጣበት፣ ያረረው ስንት ነው፣ ስንት ተረፈ? ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሕጉን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ ሊሰጠው አይገባም። አንድ አሠሪ ከዚህ ውጭ ቢጠይቃችሁ ለወላጅ ንገሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቄ አስጠነቅቃችኋለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ላይኛው አገር ሲዘንብ፣ ታች ባይዘንብም እንኳ፣ በወንዙ ደራሽ ይመጣል። ድንጋይ የወጣበት ካባም ክረምት ላይ ጥልቅ ኩሬ ይሆናል። እዚያ አትዋኙ፤ ዋና መማር የሚቻለው ጠባቂ ባለበት ገንዳ ነው። ሁለተኛው የስፖርት ውርርድና ጫት ናቸው። ሁለቱም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወጣትን ይፈልጋሉ። ከውርርድ ቤት ሀብታም ሆኖ የወጣ የሰፈር ልጅ ካላያችሁ ምክንያቱን አስቡበት።

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ቃል። ልጃችሁ የመረጠውን ሥራ የመረጠው እሱ ይሁን። "ይህን አድርግ" ከማለት "ምን ልትሠራ አሰብክ? ምን ላግዝህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለሴት ልጃችሁም እንደ ወንድሟ ሁሉ የራሷ ሰዓት ይኑራት፤ የቤት ሥራው በእሷ ጫንቃ ላይ ብቻ ካረፈ እረፍቷ እረፍት አይሆንም። ሳምንት ሳምንት "የት ደረስሽ?" ማለት ይበቃል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙ። የመረጣችሁትን አንድ ሥራ ጻፉ፤ ከሥሩ በየትኛው ሰዓት እንደምትሠሩት፣ ነሐሴ 1 ቀን የት መድረስ እንዳለበት፣ ጳጉሜ ላይ ተጠናቅቆ ምን እንደሚመስል ጻፉ። ወረቀቱን ለእናታችሁ ወይም ለአንድ ጓደኛ አሳዩ፤ ሰው የሰማው ዕቅድ በቀላሉ አይቀርም። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ቀጥሉ፤ በአንድ ቀን መቅረት ክረምቱ አይበላሽም። አንድ ሥራ በራሱ ፈቃድ ጀምሮ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ለመጀመር ማንም አያስገድደውም፤ መስከረም ላይ ደወሉ ሲመለስም ጊዜውን ማዘዝ የሚያውቅ ተማሪ ሆኖ ይገባል።

መልካም የክረምት እረፍት ይሁንላችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)